ሰርኩሌሽን ላይ የተቀመጠው ሰው ለምን አያድግም?

አንድ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ሲገባ የሚያየው ሰው ሁሉ ለሱ ላይብረሪያን ነው፣ በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸውም፣ መጽሐፍ አውጥቶ የሚሰጠውም፣ ተነቦ ጠረጴዛ ላይ የቀረውን ሰብስቦ መደርደሪያው ላይ የሚመልሰውም። ፔሮሉ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሼልቭ የሚያደርገው፣ ማለትም መጽሐፍ የሚደረድረው ለብቻው፣ ሰርኩሌሽን ላይ የሚያበድረው ለብቻው፣ መጽሐፉን መዝግቦ ካታሎግ የሚሰራው ለብቻው፣ ሪፈረንስ ላይ ተቀምጦ ሰው መረጃ ሲፈልግ የሚረዳው ለብቻው ደረጃ አለው፣ ከነሱ በላይ ቡድን መሪ አለ፣ ከሱ በላይ ዳይሬክተር፣ ዳይሬክተሩ ደሞ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሌላ ዲፓርትመንት በሹመት የመጣ መምህር ነው። ስለዚህ ከታች ገብቶ እድሜውን ሙሉ ላይብረሪ ውስጥ የኖረ ሰው የላይኛውን ወንበር አያገኘውም፣ መሃል ያሉትንም የሚያገኛቸው ወረቀት ካለው ነው፣ ወረቀቱን ለማግኘት ደሞ ፈቃድ፣ ገንዘብና የማታ ክፍል ያስፈልገዋል፣ የማታ ክፍሉ ሰአት ደሞ የላይብረሪው የማታ ሺፍት ሰአት ነው።

እኔ ይሄን ጉዳይ የማነሳው ሰው ደመወዙ አነሰ ብሎ ስላማረረ ብቻ አይደለም። ላይብረሪ ውስጥ ማን ባለሙያ ይባላል፣ ማን ደጋፊ ሰራተኛ ይባላል የሚለው ነገር መጨረሻ ላይ ተማሪው ጋር ነው የሚደርሰው፣ የመመረቂያ ጽሁፉን የሚሰራ ልጅ ዳታቤዝ ውስጥ እንዴት እንደሚፈልግ የሚያሳየው ሰው ማግኘት አለማግኘቱ የሚወሰነው እዚህ ጋ ነው። እና ይሄን ጥያቄ ከኛ በፊት አሜሪካኖች ከመቶ አመት በላይ ሲጨቃጨቁበት ስለኖሩ፣ ምን እንዳገኙና ምን እንዳበላሹ ማየት ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያውን የላይብረሪ ትምህርት ቤት ኮሎምቢያ ኮሌጅ ውስጥ የከፈተው ሜልቪል ዲዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1887፣ ያው እስከዛሬ መጽሐፍ ጀርባ ላይ የምናየውን የዲዊ ቁጥር ያወጣው ሰውዬ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 20 ነበሩ፣ ከነሱ ውስጥ 17ቱ ሴቶች። ዲዊ ሴት ተማሪ መቀበሉን ኮሌጁ ስላልወደደው ብዙ ሳይቆይ በ1889 ትምህርት ቤቱ ወደ አልባኒ ሄደ። ሴቶቹ መግባታቸው ትልቅ በር ነበር፣ ያኔ ለተማረች ሴት ከማስተማር ሌላ ብዙ ስራ የለም። ግን ላይብረሪዎቹ የወደዱት ሌላም ነገር ነበር፣ የተማረች ሴት በትንሽ ደመወዝ ትሰራለች። ሙያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዝቅ ባለ ክፍያ ላይ ነው የተተከለው፣ እስከዛሬም አሜሪካ ውስጥ ከአምስት ላይብረሪያን አራቱ ሴት ናቸው፣ ክፍያውም ተመሳሳይ ትምህርት ከሚጠይቁ ብዙ ስራዎች ያነሰ ነው።

ከዛ በ1923 ቻርልስ ዊሊያምሰን የሚባል ሰው በካርኔጊ ኮርፖሬሽን ገንዘብ የላይብረሪ ትምህርት ቤቶችን አጥንቶ ሪፖርት አወጣ። ያለው ነገር ባጭሩ፣ ላይብረሪ ውስጥ ሁለት አይነት ስራ አለ፣ የሙያ ስራና የጸሐፊ ስራ፣ እናንተ ሁለቱን አደባልቃችሁ ነው የምታስተምሩትና የምትቀጥሩት፣ የሙያው ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ መሰጠት አለበት የሚል ነው። ሰውየው ትክክል ነበር እላለሁ፣ የሙያ ስልጠና ያለውን ሰው ካርድ ሲያስተካክል ማዋል ብክነት ነው። ግን መስመሩ አንዴ ከተሰመረ በኋላ እየጠበቀ ሄደ፣ በ1951 የአሜሪካ ላይብረሪ ማህበር የሙያው መግቢያ ማስተርስ እንዲሆን ደረጃ አወጣ። ከዛ ወዲህ በአብዛኛው የአሜሪካ ላይብረሪ ማስተርሱ ያለው ላይብረሪያን ነው፣ የሌለው ግን ሰላሳ አመት ቢሰራም አሲስታንት ወይም ቴክኒሺያን ነው። የፌዴራል መንግስቱ ራሱ የቅጥር ኮዱን ለሁለት ከፍሎታል፣ ላይብረሪያን 1410፣ ላይብረሪ ቴክኒሺያን 1411 ነው፣ በአንድ ቁጥር የሚለያዩ ሁለት አለሞች በላቸው።

ከዛ ደሞ ስራው ራሱ ተቀየረ። ኦሲኤልሲ የሚባለው ድርጅት በ1967 ኦሃዮ ውስጥ ተቋቋመ፣ በ1971 ላይብረሪዎች በኮምፒውተር አንዱ የሰራውን ካታሎግ ሌላው እንዲገለብጥ ማድረግ ጀመረ። ከዛ በፊት ብዙ ላይብረሪ ብዙውን መጽሐፍ ራሱ ነበር ካታሎግ የሚያደርገው፣ ይሄም ከላይብረሪያኑ ዋና ስራዎች፣ ከማስተርሱም ዋና ምክንያቶች አንዱ ነበር። የመጽሐፉ መረጃ ተዘጋጅቶ ከማሽን ሲመጣ ግን አሲስታንቱ አይቶ፣ አስተካክሎ፣ ማስገባት ቻለ፣ ስራው ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ስራው ሲወርድ ግን ደመወዙና ማዕረጉ አብሮት አልወረደም፣ ላይ ቀረ። ትናንት ባለሙያ ብቻ ይሰራዋል የተባለውን ስራ ዛሬ ደጋፊ ሰራተኛ በደጋፊ ሰራተኛ ደመወዝ ይሰራዋል። ይሄ ነገር ከዛ ወዲህ በሪፈረንስም በሰርኩሌሽንም በአይቲም ተደግሟል፣ ማታና ቅዳሜ እሁድ ደሞ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ አሲስታንቱ ስለሆነ ህዝቡ ጥያቄውን ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ለኔ በጣም የሚገርመኝ ነገር ከላይ ያለው በር ክፍት መሆኑ ነው። ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት በ1939 የአሜሪካን ትልቁን ላይብረሪ፣ የኮንግረስ ላይብረሪን እንዲመራ አርቺባልድ ማክሊሽን ሾመ፣ ሰውየው ገጣሚ ነው፣ የላይብረሪ ስልጠና የለውም፣ የላይብረሪ ማህበሩ አጥብቆ ተቃወመ፣ ሹመቱ ግን ጸደቀ። እውነቱን ለመናገር ማክሊሽ ጥሩ ነው የሰራው፣ ተዝረክርኮ የነበረውን ድርጅት አደራጅቶ ነው የሄደው። ከሱ በኋላም ታሪክ ተመራማሪዎችና ምሁራን ተሹመዋል፣ ህጉ የላይብረሪ ዲግሪ አይጠይቅም። እንግዲህ ከላይ ላለው ወንበር ዲግሪው ካላስፈለገ፣ መሃል ላይ ያለውን ወንበር ለማግኘት ሃያ አመት ለሰራችው ሴትዮ ለምን የግድ ሆነ? ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ሲሰጥ አላየሁም።

ዶክተር ካርላ ሄይደን ጋ ስንመጣ ደሞ ሌላ ነገር እናያለን። በ2016 የኮንግረስ ላይብረሪ ሃላፊ ሲሆኑ የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ፣ እስከ ግንቦት 2025 ሰርተው ፕሬዝዳንቱ አነሷቸው፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው። እኔ የምፈልገው መጀመሪያቸውን ነው። በ1973 ችካጎ የህዝብ ላይብረሪ ውስጥ ላይብረሪ አሶሼት ሆነው ነው የጀመሩት፣ የላይብረሪ ማስተርስ አልነበራቸውም። እየሰሩ ተምረው ማስተርሱን በ1977 ያዙ፣ ከዛ ዶክትሬት፣ ከዛ የባልቲሞርን ላይብረሪ ለረጅም አመታት መሩ። የችካጎው ላይብረሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ለያዘ ግን ገና ላይብረሪያን ላልሆነ ሰው የመግቢያ ደረጃ ባይኖረው ኖሮ ምናልባት አናውቃቸውም ነበር።

እንደዛ አይነት የመግቢያ ደረጃ ሰነድ ላይም የተጻፈ ነው። የአሜሪካው ማህበር በ1970 ባጸደቀው ፖሊሲ፣ ሌስተር አሻይም ያዘጋጀው ነው፣ ሰራተኛውን ከጸሐፊ ጀምሮ ቴክኒካል አሲስታንት፣ አሶሼት፣ ላይብረሪያን፣ ሲኒየር ላይብረሪያን ብሎ ደረደረው። ሰው እንደ አጥር የሚያየው ይሄን ሰነድ ነው፣ ውስጡ ግን ጥሩ ነገር አለ። አንደኛ የአንዱ ደረጃ የመጨረሻ ደመወዝ ከሚቀጥለው ደረጃ የመጀመሪያ ደመወዝ ጋር መደራረብ አለበት ይላል፣ ስለዚህ ጎበዝ አሶሼት ከጀማሪ ላይብረሪያን በላይ ሊከፈለው ይችላል። ሁለተኛ ሰው ለማደግ የግድ አለቃ መሆን የለበትም፣ በያዘው ሙያ ውስጥ እያደገ መሄድ አለበት ይላል። ብዙ ላይብረሪ የወሰደው መስመሩን ነው፣ መደራረቡን ተወው። እኛም የሰው ሃገር ሰነድ ስንወስድ ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ነው የምናደርገው፣ ለዛ ነው በደንብ ማንበብ ያለብን።

እንግሊዞች ደሞ በሌላ መንገድ ሄዱበት። ሲሊፕ የሚባለው ማህበራቸው ቻርተርድ የሚል ማዕረግ ይሰጣል፣ ለዚህ የላይብረሪ ዲግሪ መያዝ ግዴታ አይደለም፣ የሰራኸውን ስራ፣ የተማርከውን፣ ያሻሻልከውን በፖርትፎሊዮ አቅርበህ ትገመገማለህ። ዩኒቨርሲቲ መሄድ ያልቻለው ሰው በስራው ተመዝኖ የሚገባበት በር ነው። ናይጄሪያም በህግ የተቋቋመ የላይብረሪያኖች መዝጋቢ ካውንስል አላት፣ ህጉ 1995 ላይ ነው የወጣው፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ላይብረሪያንም ከአካዳሚክ ስታፉ ጋር ነው የሚቆጠረው፣ እንደ መምህር ጽሁፍ ያሳትማል፣ እንደ መምህር ያድጋል።

ውጭ ያሉ የኛ ሰዎች ይሄን አጥር በደንብ ያውቁታል። ሃገር ቤት በዲግሪ ሲሰራ የነበረ ሰው ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ሄዶ ላይብረሪ ሲቀጠር የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ፔጅ ነው፣ ማለትም ሼልቭ የሚያደርግ፣ ወይም አሲስታንት። የአሜሪካው ማህበር እውቅና የሚሰጣቸው ፕሮግራሞች አሜሪካ፣ ካናዳና ፖርቶ ሪኮ ያሉት ናቸው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ማስተርስ በቀጥታ አይገባም፣ መገምገም አለበት። ዲሲ ውስጥ ግን በ2004 የወጣ የቋንቋ ህግ አለ፣ የከተማው መስሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው በቋንቋው እንዲያገለግሉ ያዛል፣ አማርኛም ከነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። እዛ ጠረጴዛ ላይ አማርኛ የሚችል አሲስታንት ካለ እናቶች ፎርም ይዘው የሚመጡት እሱ ጋ ነው፣ ስራ የሚፈልገው ወጣት ሲቪ የሚያሰራው እሱ ጋ ነው። ያ ስራ የሪፈረንስ ስራ ነው፣ ባለማስተርሱ ላይብረሪያን ሊሰራው የማይችለው የሪፈረንስ ስራ፣ ሰውየው ግን ማዕረጉ ያው አሲስታንት ነው።

ወደ ሃገር ቤት ስንመለስ ችግሩ ይገለበጣል። አሜሪካ አጥሩ በዛ፣ እኛ ጋ የላይብረሪ ባለሙያን የሚለይ አጥርም መውጫ መሰላልም የለም።

አንድ ሰሞን እንዲህ አልነበረም። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ በ1936 ዓ.ም. ሲከፈት የመጽሐፍ ሰው ትልቅ ሰው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ላይብረሪ ከጅምሩ የያዙት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ከነሪቻርድ ፓንክኸርስት ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ያቋቋሙ ሰው ናቸው፣ የተቋሙ ላይብረሪና ሙዚየም ላይ አሻራቸው አለ። ወይዘሮ ሪታ ፓንክኸርስት ደሞ መጀመሪያ ወመዘክር ሰርተው ከዛ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የዩኒቨርሲቲውን ላይብረሪ መርተዋል። ያኔ ላይብረሪውን የሚመራው የላይብረሪ ሰው ነበር፣ ከምሁራኑም እኩል ይቆጠር ነበር። እርግጥ የውጭ ዜጎች ስለነበሩ ክብሩ የሙያው ይሁን የሰዎቹ መለየት ያስቸግራል፣ ግን ወንበሩ ክብር ነበረው።

በ1990 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመላው አፍሪካ ታስቦ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ አይዲአርሲ የሚባለው የካናዳ የልማት ምርምር ድርጅትና ዩኔስኮ ደግፈውት። ሲሳ ይባል ነበር። ሃሳቡ በጣም ጥሩ ነበር፣ ለላይብረሪና ለኢንፎርሜሽን ማዕከላት በማስተርስ ደረጃ ሰው ማሰልጠን ነው። ግን አለም ኮምፒውተር ሆነ፣ ትምህርቱም ወደ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ እያደላ ሄደ፣ ከዛ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ከፈቱ። ልጆቹ ሲመረቁ ባንክ፣ ቴሌ፣ ሶፍትዌር ቤት ያያሉ፣ ላይብረሪ የመጨረሻ ምርጫቸው ነው፣ ልጆቹን አልወቅስም፣ ያንኑ ዲግሪ ይዞ አይቲ ክፍል የሚቀጠረው ሰው የተሻለ ደረጃ እያገኘ ለምን ላይብረሪ ይግባ? በዚሁ መሃል ከ40 በላይ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፣ ሁሉም ላይብረሪ አለው፣ ህንጻው አለ፣ መደርደሪያው አለ፣ ሰለጠነ የሚባለው ሰው የለም።

ሰው ሲጠፋ ክፍተቱ በምን እንደሚሞላ ላይብረሪ የሰራ ሁሉ ያውቃል። ሌላ ክፍል የተረፈ ሰራተኛ፣ ጤናው የደከመ፣ ከአለቃው ያልተስማማ፣ "ላይብረሪ ይመደብ" ይባላል። እኔ የማውቀው አንድ መስሪያ ቤት ውስጥ ይሄ ቃል በቃል ደብዳቤ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። የመጡት ሰዎች መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ከነሱ መሃል ስራውን ወደው የቀሩ፣ ከማንም በላይ ስብስቡን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ግን ወደ ላይብረሪ መላክ ቅጣት ከሆነ፣ ፈልጎ የገባው ሰው ራሱ እንደተቀጣ ይታያል።

ከዛ ጄኢጂ መጣ፣ ስራን በነጥብ መዝኖ ደረጃ የሚያወጣው። ሃሳቡ ትክክል ነው፣ የሚመዘነው ሰው ሳይሆን ስራ ነው፣ ተመሳሳይ ስራ ተመሳሳይ ክፍያ። ግን ሲመዘን የሚታየው የተጻፈው የስራ ዝርዝር ነው፣ የኛ የላይብረሪ ስራ ዝርዝር ደሞ በብዙ ቦታ "መጽሐፍ ያውሳል፣ ይመልሳል፣ ይደረድራል፣ ንብረቱን ይጠብቃል" ነው። ሰርኩሌሽን ላይ ያለው ሰው ኮሃ በሚባለው የላይብረሪ ሲስተም ላይ ዳታ እያስገባ፣ ዲስፔስ በሚባለው ዲጂታል ማህደር ላይ ቴሲስ እየጫነ፣ የመጀመሪያ አመት ተማሪን እያሳየ ሊሆን ይችላል፣ ካልተጻፈ ነጥብ የለውም። የሚጽፈው ማነው? ብዙ ጊዜ የሰው ሃይል ክፍሉ ነው፣ ላይብረሪ ውስጥ ገብቶ ስራውን ያላየ ሰው።

አሁን በጣም የሚያናድደኝን ነገር ልናገር፣ የንብረት ሃላፊነት። በብዙ ላይብረሪዎቻችን መጽሐፉ የሰራተኛው እዳ ነው፣ ቆጠራ ሲመጣ ከጎደለ ተጠያቂ ይሆናል፣ እንደ ስቶር ኪፐር ማለት ነው። አንድ ሰው በሺዎች የሚቆጠር መጽሐፍ በስሙ ካለ ምን ያደርጋል? ይቆልፋል። መጽሐፉን ለተማሪ ክፍት ማድረግ ለሱ አደጋ ነው፣ አዲሱን እትም መደርደሪያ ላይ ከማውጣት ቢሮ ውስጥ ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይሻለዋል። ተማሪው ደሞ የሚያውቀው ክሊራንስ ሲያስፈርም የሚቆጣ ሰው ነው። ያ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ደመወዙ በመጽሐፉ ስለተያዘ ነው። ባለሙያ የሚባል ሰው የሚለካው ስንት ሰው አነበበ ተብሎ ነው፣ እኛ ግን ስንት መጽሐፍ ሳይነካ ተቀመጠ ብለን ነው የምንለካው። እንደ ግምጃ ቤት ጠባቂ ተቀጥሮ እንደ ግምጃ ቤት ጠባቂ የሚጠየቅ ሰው እንደ ምሁር እንዲከበር መጠበቅ አይቻልም።

የዚህ ሁሉ ውጤት የሚታየው ጽሁፍ ሲሰራ ነው። ሂናሪ የሚባለው የአለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፣ አሁን ሪሰርች ፎር ላይፍ ስር ነው፣ የኢትዮጵያ ተቋማት በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችን በነጻ ማግኘት ይችላሉ። በነጻ! ግን ፓስወርዱ ማን ጋ እንዳለ የማያውቅ የህክምና ተማሪ ሞልቷል፣ መምህርም ሞልቷል። ይሄን ማስተማር የሪፈረንስ ላይብረሪያን ስራ ነው፣ በደረጃ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ወይም ሰው ያልተመደበበት ስራ። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ አብርሆት ላይብረሪ ሲከፈት ሁላችንም ደስ ብሎናል፣ ወጣቱ ወንበር ለማግኘት በጠዋት ሲሰለፍ ማየት ልብ ይሞላል፣ ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበታል። ህንጻ ግን አንድ ጊዜ ይሰራል፣ ሰው በየአመቱ ነው የሚከፈለው፣ እና ስለ ህንጻው ያወራነውን ያህል ጠረጴዛው ላይ ስለሚቀመጠው ሰው ደረጃ ስናወራ አልሰማሁም።

ምን ይደረግ ለሚል ሰው፣ እኔ የአሜሪካንን አጥር አምጥተን እንትከል አልልም። ማስተርስ የሌለው ላይብረሪያን አይባልም ብንል ነገ ላይብረሪዎቹ ባዶ ይቀራሉ። የሚያስፈልገው መሰላሉ ነው፣ ሼልቨር ሆኖ የገባ ልጅ የሙያ ብቃት ሌቨል ተፈትኖ፣ ከዛ በስራ ልምዱና በሚያሳየው ስራ ተመዝኖ ካታሎገር፣ ከዛ ሪፈረንስ፣ ከዛ እስከ ዳይሬክተር የሚወጣበት፣ የአንዱ ደረጃ ጣሪያ ከሚቀጥለው ወለል ጋር የሚደራረብበት። የሙያ ማህበሩ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው፣ ፖርትፎሊዮ የመመዘን ስራ ቢሰጠው አንድ ነገር ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተርስና ከዛ በላይ ይዘው ተማሪ የሚያሰለጥኑ ላይብረሪያኖች ደሞ በአካዳሚክ ማዕረግ ማደግ አለባቸው፣ ናይጄሪያ ያደረገችውን እኛ የማናደርግበት ምክንያት አይታየኝም። የዳይሬክተሩ ወንበር ቢያንስ ከውስጥ ላለ ሰው ክፍት ሆኖ በውድድር ይሰጥ።

እነዚህ ሁሉ በጀትና አመታት ይፈልጋሉ። የንብረቱ ጉዳይ ግን አይፈልግም። በአመት ይህን ያህል ፐርሰንት መጽሐፍ በአገልግሎት ምክንያት ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ይሄ የላይብረሪው ወጪ እንጂ የሰራተኛው እዳ አይደለም ብሎ መወሰን የአንድ ቦርድ ወይም የአንድ ማኔጅመንት ስብሰባ ስራ ነው። እዛ ከጀመርን ቢያንስ ሰውየው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መደርደሪያውን ይከፍታል፣ የስራ ዝርዝሩም ላይ "ይጠብቃል" ከሚለው ፊት "ያሳያል፣ ያሰለጥናል" የሚል ለመጻፍ ምክንያት ይኖረናል፣ ነጥቡም ከዛ ነው የሚመጣው።